የጋሽ ጠብታ ጠመንጃ

ጋሽ ጠብታ ይህን ስም ያገኙት በገዛ አፋቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲሠሩ፣ የማንም ቤት በውሃ ተጥለቅልቆ ቢጠሩ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ይገቡና ወንበሩ ሲንሳፈፍ እያዩ "አይዟችሁ፣ ጠብታ ናት" ይላሉ። የሦስተኛው ፎቅ ውሃ በሁለተኛው ፎቅ አምፖል በኩል ሲወርድም እንዲሁ ብለዋል። ሰው ተናዶ ያወጣላቸው ስም ተለጥፎ ቀረ፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ዛሬ የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው።

ሰውዬው አጭር ናቸው። ጆሯቸው ትልቅ፣ ሳቃቸው ቅርብ፣ ከኋላ ኪሳቸው መፍቻ የማይጠፋ። ሲያዩዋቸው ማንንም የሚያስፈሩ አይመስሉም፤ ሰፈሩ ግን ይፈራቸው ነበር። ምክንያቱም ጠመንጃ አላቸው። ማለቴ፣ አላቸው ይባላል።

በእርግጥ ነበራቸው። ከአጎታቸው የወረሱት፣ ፈቃድ ያለው፣ በአረንጓዴ የሸራ ከረጢት ውስጥ ዚፕ ተዘግቶበት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የሚቆም ጠመንጃ። ያን ጊዜ ጋሽ ጠብታ ስለ መሣሪያ ማውራት ከጀመሩ የሚያስቆማቸው አልነበረም። "ቤት ያለ በር፣ በር ያለ ቁልፍ፣ ቁልፍ ያለ ጠመንጃ ምን ያደርጋል?" ይላሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የምትለዋን ተረትማ በቀን አንድ ጊዜ ሳያነሷት አይውሉም።

ታዲያ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት የሚቧጥጥ ድምፅ ሰሙ። ባለቤታቸው ገበያ ሄደዋል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሌባ ነው፣ አሉ በሆዳቸው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ብሏቸዋል፤ ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቀውታል። ጠመንጃውን አወጡ፣ አቀባበሉ፣ በባዶ እግራቸው ኮቴያቸውን አጥፍተው ሄደው አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ደቀኑ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ወፍራም ነገር ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ይወራጫል። ጣታቸው ምላጩ ላይ ነበር። ምላጩም ትንሽ ሄዷል፤ ምን ያህል እንደሄደ ጣታቸው እስከ ዛሬ አልረሳውም።

መጋረጃው ሲገለጥ ባለቤታቸው ናቸው። ቁልፍ ረስተው፣ በር ቢያንኳኩ ባል አልሰማ ብሎ፣ በመስኮት ልግባ ሲሉ ወገባቸው ላይ ተቀርቅረዋል።

"ግደለኝ፣ ግድ የለም" አሉ ሴትዮዋ አፈሙዙን እያዩ፣ "መጀመሪያ ግን እንቁላሉን ተቀበለኝ።"

ጋሽ ጠብታ እንቁላሉን ተቀበሉ። ሚስታቸውንም ጎትተው አስገቡ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና እስኪመሽ ድረስ አልተነሱም። ሰኞ ጠዋት ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልለው ፖሊስ ጣቢያ አስረከቡ። "ተረክበናል" የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጣቸው፤ ወረቀቱን አጣጥፈው ብሎን በሚያስቀምጡባት ቆርቆሮ ውስጥ ደበቁት።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ሰው ጠመንጃውን በአንድ ቀን ያስረክባል እንጂ ስሙን አያስረክብም። በማግስቱ አናጢው ጎረቤታቸው መጣ። ለሥራ ራቅ ወዳለ ቦታ ሊሄድ ነው፣ ባለቤቱ ብቻዋን ናት፣ ሰሞኑን ደግሞ ሌባ በዝቷል። "ጋሼ፣ ጠመንጃዎን ለሦስት ቀን ቢያውሱን" አለ። ጋሽ ጠብታ "አስረክቤያለሁ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ቃል ግን "ነገ ጠዋት ና" የሚል ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ገብተው አንድ ሜትር ያህል የውሃ ቧንቧ ቆረጡ። ክብደቱ እንዲመጣ በአንደኛው ጫፍ አሮጌ መፍቻ በሽቦ አሰሩበትና ከረጢቱ ውስጥ ከተው ዚፑን ዘጉ። ለአናጢው ሲሰጡት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እንደጎረሰ ነው። ዕድሜ ጠገብ ስለሆነ ቁጡ ነው፣ ከእኔ በቀር የማንንም እጅ አይወድም። ዚፑን እንዳትነካ። ሌባ ከመጣ ከረጢቱን ማሳየት ይበቃል" አሉት።

አናጢው በሁለት እጁ፣ አራስ ልጅ እንደሚቀበል ሰው ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ ከረጢቱ የሰፈሩ ሆነ። ባል መንገድ ሲሄድ ከረጢቱ ይመጣል። በር ሲበላሽ፣ አጥር ሲፈርስ ይመጣል። ጫማ ሰሪው ወስዶታል። ጡረታ የወጡት መምህርት እንኳ፣ "ጠመንጃ የሚባል ነገር ከዓለም ይጥፋ" ብለው ሲሟገቱ የኖሩት ሴት፣ "ለእኔ አይደለም፣ ልጄ ትፈራለች" ብለው ሁለት ሳምንት አቆይተውታል። ከረጢቱ ባደረበት ቤት አንድም ሌባ አልገባም። ባላደረበትም ቤት ያን ያህል አልገባም፤ ግን ይሄንን ማን ልብ ይላል።

ጋሽ ጠብታ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከረጢቱን አንድ ቀን ከፍተው አያውቁም። የሚያውቁትን ነገር ምን ያዩታል፤ ደግሞም ያፍራሉ። ሲመለስላቸው ብቻ አንዳንዴ ከበፊቱ የከበደ ይመስላቸዋል። እርጅና ነው፣ ይላሉ ለራሳቸው፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሲያቆሙት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀልድ ነበር። ቀልድ መሆኑ የቀረው ከሰባት ወር በፊት ነው።

ጋሽ ጠብታ ጓሯቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ያከራያሉ። የተከራየቻት ነርስ ናት፤ ትንሽ የምትናገር፣ ከሆስፒታል ስትመለስ ጫማዋን ደጅ አውልቃ የምትገባ ልጅ። የፈታችው ባሏ ሾፌር ነው። ፈትቼሃለሁ ስትለው አልሰማም ብሎ፣ ያለችበትን አፈላልጎ አንድ ቀን በቀትር መጥቶ በሯን በእርግጫ መታ። "ከእኔ ተደብቀሽ የት ትደርሻለሽ? ሬሳሽ ነው የሚወጣው" አላት። ልጅቷ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ሄዳ አመልክታ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ "የቤት ጉዳይ ነው፣ ተነጋገሩ" ብለው መልሰዋታል።

ያን ቀን ጋሽ ጠብታ ከቤት ወጡ። ሰውዬው እያያቸው ከረጢቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ግቢውን ቀጥ ብለው አቋረጡና ለልጅቷ አስረከቧት። "እጅሽ ላይ ይሁን" አሉ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። "አጠቃቀሙን አሳይሻለሁ። የጎረሰ ነው።" ሾፌሩ ወደ ከረጢቱ አየ፣ ወደ ልጅቷ አየ፣ ምራቁን እንትፍ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከግቢው ፊት ለፊት ካለችው ሱቅ አጠገብ እየቆመ ያያል እንጂ በሩን አልረገጠም።

ጋሽ ጠብታ ግን ሰላም አጡ። ስንት ዓመት በቧንቧ ሲያሾፉ ኖረው፣ አሁን የሰው ልጅ ነፍስ ቧንቧው ላይ ተንጠለጠለች። ልጅቷ ጠመንጃ መስሏት አልጋዋ ሥር አድርጋ ትተኛለች፤ ሰውዬው አንድ ቀን ቢደፍር ከረጢቱን ከፍታ የምታገኘው መፍቻ ነው። እውነቱን ሊነግሯት ሦስት ጊዜ በሯ ድረስ ሄደው፣ ሦስቱንም ጊዜ "ቧንቧሽ አያንጠባጥብም?" ብለው ጠይቀው ተመልሰዋል።

በዚህ መሀል መመሪያ ወጣ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ እሑድ ጠዋት ወደ ሰፈሩ አዳራሽ ይዞ ቀርቦ ያስመዝግብ፣ ፈቃድ የሌለው ያስረክብ ይላል። ማስታወቂያው አዳራሹ በር ላይ ተለጠፈና ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሌላ ወሬ አጣ። መሣሪያ በግለሰብ እጅ ይኑር፣ አይኑር፤ ራስን መከላከል መብት ነው፣ አይደለም። የሚገርመው በሰፈሩ ውስጥ የሚታወቀው ጠመንጃ አንድ ብቻ ነው፤ ይሄ ሁሉ ምላስ የሚረዝመው በጋሽ ጠብታ ከረጢት ላይ ነበር።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ከፊት ጠረጴዛ ላይ መነፅር ያደረገች የፖሊስ መኮንን ወፍራም መዝገብ ዘርግታ ተቀምጣለች። ከኋላዋ የተሰበሩ ወንበሮች የሚከማቹባት ጠባብ ክፍል አለች። ጋሽ ጠብታ ቆርቆሮዋን በኪሳቸው፣ ከነርሷ የተቀበሉትን ከረጢት በጭናቸው ላይ ይዘው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዚፑን በመዳፋቸው ሸፍነዋል።

መኮንኗ "አስተያየት ያለው?" ማለቷ ስሕተት ነበር። አናጢው ተነሳ።

"ሕግ የሚያከብረውን ሰው ትጥቅ አስፈታችሁ እንበል። ሌባውን ማን ያስፈታዋል? ሌባ ማስታወቂያ ያነባል እንዴ?"

አዳራሹ አጨበጨበ። መምህርቷ መነፅራቸውን አውልቀው ቆሙ።

"ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ክፍል ውስጥ አንዱ ማስመሪያ ይዞ ከመጣ፣ ነገ ሌላው ዱላ ይዞ ይመጣል። መፍትሔው ለሁሉም ዱላ ማደል ነው? ሰብስቦ ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ነው እንጂ።"

አዳራሹ አሁንም አጨበጨበ፤ ያው እጅ ነው።

"እሺ፣ አስተማሪው እስኪመጣ ድረስ የሚመታው ልጅ ምን ይሁን?" አለ አናጢው።

መምህርቷ መነፅራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ "እሱማ ጥያቄ ነው" አሉና ተቀመጡ። አናጢውም ያሸነፈ አልመሰለውም፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጫማ ሰሪው "እኔ ሁለቱንም ደግፌያለሁ" ሲል ሳቅ ሆነ።

በሳቁ መሀል ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። ሾፌሩ ነበር። ግድግዳ ተደግፎ፣ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ።

"ምን ያጨቃጭቃል? ከረጢቱ ይከፈትና ሁላችንም እንየው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ተተኩሶ የሰማ ሰው አለ?"

 ጋሽ ጠብታ ዞር ብለው ነርሷን አዩ፤ እጆቿን አጣምራ ወለሉን ታያለች። አለቀ፣ አሉ በሆዳቸው። እኔ እዋረዳለሁ፣ ለእኔስ ጠብታ ናት። ይቺ ልጅ ግን ዛሬ የት ታድራለች?

"አይከፈትም" አለ አናጢው።

"በፍጹም አይከፈትም" አሉ መምህርቷ፣ አሁን ይሰብሰብ ሲሉ የነበሩት ራሳቸው። "ሕዝብ በተሰበሰበበት የጎረሰ መሣሪያ ይከፈታል? ምን ዓይነት አለመማር ነው?"

"ቁጡ ነው" አለ ጫማ ሰሪው። "እኔ ሲቆጣ ሰምቼዋለሁ።"

ከዚያ አዳራሹ በሙሉ አይከፈትም ሆነ። ይኑር ያሉት፣ አይኑር ያሉት፣ እስካሁን እንቅልፍ ላይ የነበሩት ሁሉ በአንድ አፍ። ጋሽ ጠብታ ደነገጡ። ይሄ ሕዝብ እንዲህ ያከብረኛል እንዴ፣ ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የበለጠም አፈሩ።

መኮንኗ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታች። "እኔ ሳላይ የሚመዘገብ ነገር የለም። የሚያየው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። አባት፣ ይዘውት ወደዚህ ይግቡ።"

ጠባቧ ክፍል ውስጥ በሩ ተዘጋ። መኮንኗ ከረጢቱን የተሰበረ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችና ዚፑን ሳበች። ጋሽ ጠብታ ባዶ ቧንቧና ዝገት የበላው መፍቻ ሊያዩ አንገታቸውን ደፍተዋል። ቀና ሲሉ ያዩት ግን ሌላ ነው።

መፍቻው የለም። በቦታው ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ፣ ትከሻ ላይ የሚያርፍበት ሳይቀር የተስተካከለ ሰደፍ ገብቶለታል። በሁለት መስመር የተሰፋ የቆዳ ማንገቻ አለው። ቧንቧው በጥቁር የጫማ ቀለም ተወልውሎ ያብለጨልጫል። አፈሙዙ በንጹሕ ጥጥ ተወትፏል። ሰደፉ ላይ በክር የታሰረች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ "ጥሩ ሥራ ነው። ጽዳቱ ይሻሻል" ተብሎ ተጽፎባታል።

 መኮንኗ ጥጡን በሁለት ጣቷ አውጥታ ወደ ውስጥ አየች። ቧንቧ ከቧንቧ የሚገጠምበትን ጥርስ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው።

"አባት፣ ይሄ ምንድን ነው የሚያወጣው? ውሃ?"

"ግፊት ካለ" አሉ ጋሽ ጠብታ፣ ሳያስቡት።

ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ። መስኮቱን፣ እንቁላሉን፣ አናጢውን። ቆርቆሮዋን ከፍተው ወረቀቱን ሰጧት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነውና፣ ማኅተሙ ዛሬም እንደ ትናንት ይነበባል። መኮንኗ ይዛ የገባችውን መዝገብ ወደ ኋላ ገልጣ ቁጥሩን አገኘችው።

"ልጄ፣ ዋሽቻለሁ፣ እኔን ብታስሪኝ ቅር አይለኝም" አሉ ጋሽ ጠብታ። "ግን ያ ከኋላ የተናገረው ሰው ይሄ ቧንቧ መሆኑን ዛሬ ካወቀ፣ ነገ የዚያችን ነርስ በር ይሰብራል። እገድላታለሁ ብሏል። እሱን የሚያቆመው ይሄ ብቻ ነው።"

"አላመለከተችም?"

"ሁለት ጊዜ። ተነጋገሩ ተባለች።"

መኮንኗ መዝገቡን ከደነችው። ፊቷ ቀላ። ጥጡን በቦታው መልሳ ዚፑን ዘጋች። "ይሸከሙት። እንደ አመጣጥዎ ቀጥ ብለው ይውጡ። እኔ ውሸት አልናገርም፤ እርስዎም የዛሬ የውሸት ድርሻዎ ይብቃዎት።"

ወጡ። መኮንኗ መዝገቡ ላይ እጇን አሳርፋ፣ "የእኚህ አባት ጠመንጃ ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ በመዝገባችን ላይ ከነቁጥሩ ሰፍሯል። ሕጉ ያዘዘውን ፈጽመዋል። ከእሳቸው የሚፈለግ ነገር የለም" አለች። አንዲት ቃል ሐሰት የለባትም። አዳራሹ በአንድነት ተነፈሰ።

"አንተ፣ ከኋላ የተናገርከው" አለች ቀጥላ። "ና ወደዚህ። ስምህን፣ አድራሻህን፣ የመኪናህን ታርጋ እመዘግባለሁ።"

"እኔ ጠመንጃ የለኝም" አለ ሾፌሩ።

"አንዲት ሴት እንድትፈራ ያደረግካት ያለ ጠመንጃ ነው። ያን ነው የምመዘግበው። ከዛሬ ጀምሮ በሯ አጠገብ ከታየህ ጉዳዩ ከእኔ ጋር ነው።" ከዚያ ነርሷን በዓይኗ ፈልጋ አገኘቻት። "እኅቴ፣ ነገ ጠዋት ጣቢያ ነይ። ተነጋገሩ የሚልሽ የለም፤ አብሬሽ እቀመጣለሁ።"

የመኪናው ቁልፍ መሽከርከሩን አቆመ። ሾፌሩ ስሙን ሲናገር ድምፁ ለመኮንኗ እንኳ አልተሰማትም፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ሲመለሱ ነርሷ ከጋሽ ጠብታ ጎን ጎን ሄደች። ግቢው ውስጥ ሲደርሱ ሰውዬው ከዚህ በላይ አልቻሉም።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይሄ ከረጢት ውስጥ ያለው..."

"ቧንቧ ነው" አለች። "የሰጡኝ ቀን ነው የከፈትኩት።"

ጋሽ ጠብታ የውሃ ታንከሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "እያወቅሽ እንዴት ተኛሽ?"

"መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ሰደፉን አየሁት። የአናጢው እጅ ነው፤ የአልጋዬን እግር የጠገነልኝ እሱ ነው። ስፌቱ የጫማ ሰሪው ነው። የመምህርቷን ቀይ እስክሪብቶ የማያውቅ ደግሞ የለም። ስንት ሰው ከፍቶ አይቶ፣ ለእርስዎም ለሌላውም ሳይናገር፣ ለሚቀጥለው ሰው አሻሽሎ እንደመለሰው ገባኝ።" ከረጢቱን በጣቷ ነካች። "ጋሼ፣ ያስተኛኝ ብረቱ አይደለም። ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ቧንቧ እንዲህ ከጠበቀ፣ እኔንም አይጥለኝም ብዬ ነው።"

ጋሽ ጠብታ ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። በመጨረሻ "ጥጡ ያንቺ ነው?" አሉ።

"አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው። አሁን ይውሰዱት፤ ሌላ የሚፈራ ሰው አይጠፋም።"

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ልብስ ያጣጥፋሉ። ጋሽ ጠብታ ከረጢቱን አልጋው ላይ አጋድመው፣ ሊያሳዩዋቸው ዚፑን መክፈት ጀመሩ።

"ቀስ ብለህ" አሉ ሴትዮዋ፣ ከልብሱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። "ዚፑን ያስቀየርኩት አምና ነው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የጋሽ ጠብታን የሚያህል ጆሮ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። "አንቺም ታውቂያለሽ? ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ለምን አትነግሪኝም?"

"ብነግርህ ኖሮ ለዚያች ልጅ ይዘህ ስትወጣ እንደዚያ ቀጥ ብለህ አትሄድም ነበር።"

በሩ ተንኳኳ። አናጢው ነው። ሐሙስ ራቅ ወዳለ ቦታ ሊሄድ ነው፣ ባለቤቱ ብቻዋን ናት፤ "ጋሼ፣ ካላስቸገርኩ ያን ነገር" አለ። ጋሽ ጠብታ አዩት። እሱም አያቸው፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ እንደ ጠረበው እንጨት ልስልስ ያለ። ጋሽ ጠብታ ዚፑን ዘጉ፣ ከረጢቱን አነሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እንደጎረሰ ነው። ዚፑን እንዳትነካ።"

"ኧረ ማን ይደፍረዋል፣ ጋሼ" አለ አናጢው፣ በሁለት እጁም ተቀበለ።